ሲቀዘቅዝ ሙቀት የሚጠራ ፕላዝማ

ፕላዝማ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን እሳት ነው፤ ፀሐይ፣ መብረቅ፣ የብየዳ ብልጭታ። ነገሩ መሠረት አለው። የፀሐይ እምብርት ወደ 15 ሚሊዮን ኬልቪን ይሞቃል። በክፍላችን ጣሪያ ላይ ባለው የፍሎረሰንት አምፖል ውስጥ እንኳ ኤሌክትሮኖቹ 10,000 ኬልቪን ገደማ ናቸው፤ አምፖሉን ስንነካው እጃችንን የማይጠብሰን ጋዙ በጣም ስስ ስለሆነና ከባዶቹ አቶሞች የኤሌክትሮኖቹን ሙቀት ስላልተካፈሉ ነው። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ኤሌክትሮንን ከአቶሙ ለመንቀል ጉልበት ያስፈልጋል፣ በግጭት የሚነቅል ጉልበት ደግሞ የሚገኘው ከሙቀት ነው። ታዲያ «እጅግ ቀዝቃዛ ፕላዝማ» ማለት «ደረቅ ውሃ» እንደማለት አይሆንም እንዴ?

አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ጌትስበርግ በሚገኘው የብሔራዊ ደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ቶማስ ኪሊያን፣ ስቲቨን ሮልስተንና ባልደረቦቻቸው ሠርተው አሳይተዋል። ዘዴያቸው ግጭትን ትቶ በብርሃን መንቀል ነው። መጀመሪያ የዜነን አቶሞችን በሌዘር አቀዝቅዘው ወደ 10 ማይክሮ ኬልቪን አወረዷቸው፤ ከፍጹም ዜሮ የሚለያቸው የአንድ ኬልቪን መቶ ሺኛ ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚያ 10 ናኖ ሰከንድ በምትቆይ የሌዘር ምት የተወሰኑትን አቶሞች ኤሌክትሮናቸውን አስጣሏቸው። የፎቶኑ ጉልበት ኤሌክትሮኑን ለመንቀል ከሚያስፈልገው በጥቂቱ ብቻ እንዲበልጥ ተደርጎ ይስተካከላል። ትርፉን የሚወስደው ኤሌክትሮኑ ነው። የዜነን አዮን ከኤሌክትሮን 240,000 ጊዜ ያህል ስለሚከብድ ሁለቱ ሲለያዩ የሚሮጠው ቀላሉ ነው፤ ከባዱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ተመራማሪዎቹ ይህን ትርፍ ከ1000 ኬልቪን እስከ 0.1 ኬልቪን በሚመጥን መጠን መምረጥ ችለዋል። ከ0.1 በታች እንዳይወርድ ያገደው የሌዘሩ ቀለም ፍጹም አንድ ቀለም አለመሆኑ ነው።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ቀላል ይመስላል፤ የሌዘሩን ቁልፍ አዙሮ የኤሌክትሮኖቹን ሙቀት መምረጥ። በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ጥያቄ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሌዘሩ የሰጣቸውን ቅዝቃዜ ይዘው ይቆያሉ ወይ? ካልቆዩስ ማን ያሞቃቸዋል? ማን ያቀዘቅዛቸዋል? ይህን ለማየት ሌዘር ባይኖረንም ካልኩሌተርና አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። አብራችሁኝ ብታሰሉ ደስ ይለኛል።

አንድ ነገር ላስቀድም። ኢነርጂን «ጉልበት»፣ ቴምፕሬቸርን «መጠነ ሙቀት»፣ ዴንሲቲን «እፍግታ» እላለሁ፤ ከታችኛው ክፍል መጽሐፎቻችን የምናውቃቸው ቃላት ናቸው። በሌክቸር እንግሊዝኛውን ስለለመድነው አንዳንዱ ጆሮ ላይ ይከብድ ይሆናል፣ ግን ይለመዳል። ጉልበትንም አንዳንድ ጊዜ በኬልቪን እለካለሁ፤ በቦልትዝማን ቋሚ ቁጥር አባዝታችሁ ወደ ጁል መቀየር ትችላላችሁ።

ለምን ማቀዝቀዝ አስፈለገ?

ቅዝቃዜው በራሱ ግብ አልነበረም። የተፈለገው ጋማ የሚባለው ቁጥር ነው። ጋማ ማለት በሁለት ጎረቤት ኤሌክትሮኖች መካከል ያለው የኩሎምብ ጉልበት ለሙቀት ጉልበታቸው ሲካፈል ነው። ጋማ ከ1 በጣም ካነሰ ኤሌክትሮኖቹ ጎረቤታቸውን ሳያዩ የሚሮጡ ናቸው፤ ፕላዝማው እንደ ጋዝ ነው። ጋማ 1 ደርሶ ካለፈ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን ይይዛል፤ ፕላዝማው እንደ ፈሳሽ፣ ሲብስም እንደ ክሪስታል መደርደር ይጀምራል። ይህ ጥብቅ ትስስር ያለው ፕላዝማ የሚባለው ነው። በጁፒተር ሆድ ውስጥና ነጭ ድንክ በሚባሉት ከዋክብት ውስጥ እንዲህ ያለ ቁስ አለ። እዚያ ሙቀቱ ከፍተኛ ቢሆንም እፍግታው ከልክ ያለፈ ስለሆነ ጋማ ትልቅ ይሆናል። ማንም ወደዚያ ገብቶ አይለካውም። በላቦራቶሪ ግን ከሌላኛው በር መግባት ይቻላል፤ እፍግታው ትንሽ ቢሆንም መጠነ ሙቀቱን ዝቅ ማድረግ ነው።

ቁጥሩን እንየው። እፍግታውን በኩብ ሴንቲ ሜትር 1 ቢሊዮን ኤሌክትሮን እንበል፤ በመጀመሪያው ሙከራ የተደረሰበት ወደ 2 ቢሊዮን ስለነበር ሩቅ አይደለም። (1 ቢሊዮን ብዙ ይመስላል እንጂ ከምንተነፍሰው አየር ጋር ሲነጻጸር ከአሥር ቢሊዮን እጥፍ በላይ የሳሳ ነው።) በዚህ እፍግታ ለእያንዳንዱ ኤሌክትሮን የሚደርሰው ሉል ራዲየሱ 6.2 ማይክሮ ሜትር ነው። በዚያ ርቀት ያለው የኩሎምብ ጉልበት በኬልቪን ሲለካ 2.7 ይሆናል። ስለዚህ ጋማ ማለት በዚህ ፕላዝማ ውስጥ 2.7 ለመጠነ ሙቀቱ ሲካፈል ማለት ነው። በ100 ኬልቪን ጋማ 0.027፤ በ2.7 ኬልቪን 1፤ ሌዘሩ በሚፈቅደው 0.1 ኬልቪን ደግሞ 27። በ1999 የነበረውን ጉጉት ከዚህች 27 ቁጥር መረዳት ይቻላል።

የፕላዝማ ፊዚክስ ኮርስ የወሰዳችሁ ደግሞ የዲባይን ሉል አስታውሱ። የዲባይ ቲዎሪ የሚቆመው በሉሉ ውስጥ ብዙ ኤሌክትሮን አለ ብሎ ነው። በሉሉ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ብዛት ከጋማ ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው፤ ጋማን በ3 አባዝቶ 1.5ኛ ርቢውን ወስዶ 1ን ለእሱ ማካፈል ነው። በ100 ኬልቪን ሲሰላ 43 ኤሌክትሮን ይወጣል፤ ብዙ ባይሆንም «ብዙ» ለማለት ያስደፍራል። ጋማ 1 ሲሆን ግን 0.2 ይወጣል። አንድ አምስተኛ ኤሌክትሮን! «በአንድ ኤሌክትሮን ዙሪያ ሌሎች ብዙዎች ተሰብስበው ይከልሉታል» የሚለው ትምህርት እዚህ ላይ ትርጉም ያጣል። ብዙ የምናምንባቸው ቀመሮች፣ የግጭት ፍጥነትን የሚሰጡትን ጨምሮ፣ የተገነቡት በዚያ ትምህርት ላይ ነው። ስለዚህ ጋማን 1 ማድረስ አለማድረስ የሪከርድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፋችን እስከየት ድረስ እንደሚሠራ የመፈተን ጉዳይ ነው።

አሞቂዎቹ

የመጀመሪያው አሞቂ የአቀማመጥ ዝብርቅርቅ ነው። አቶሞቹ ሲነቀሉ የት እንዳሉ ማንም አላስተካከላቸውም፤ እንደተበተነ ጤፍ በዘፈቀደ ነው ያሉት። አንዳንዶቹ ተጠጋግተዋል፣ አንዳንዶቹ ተራርቀዋል። አቶም ሳሉ ይህ ግድ አይሰጣቸውም ነበር፣ ገለልተኛ ናቸውና። ሌዘሩ መትቶ ወደ አዮንና ኤሌክትሮን ሲቀየሩ ግን ያ መጠጋጋት በቅጽበት የአቀማመጥ ጉልበት ይሆናል። የተጠጋጉት ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ፤ ተገፋፍተው ወደ ተሻለ አቀማመጥ ሲሄዱ የአቀማመጡ ጉልበት ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል። እንቅስቃሴው ደግሞ ሙቀት ነው። መጠኑ ከዚያች 2.7 ኬልቪን ጋር ተቀራራቢ ነው። ለኤሌክትሮኖቹ ይህ የሚፈጸመው ከ1 ናኖ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሆነ፣ 10 ናኖ ሰከንድ የምትቆየው የሌዘር ምት ራሷ ሳታበቃ ሙቀቱ ገብቷል። 0.1 ኬልቪን ያልነው ቅዝቃዜ እንግዲህ ገና ከመወለዱ ያለፈ ነገር ነው።

አዮኖቹም ከዚህ አያመልጡም። እነሱ ከባድ ስለሆኑ ጊዜ ይወስድባቸዋል፤ በ1 ቢሊዮን እፍግታ ለዜነን 0.3 ማይክሮ ሰከንድ ያህል። ከ10 ማይክሮ ኬልቪን ተነሥተው ወደ 1 ኬልቪን ይወጣሉ፤ መቶ ሺህ እጥፍ መሆኑ ነው። ይህን በሂዩስተን ራይስ ዩኒቨርሲቲ የኪሊያን ቡድን በስትሮንሽየም ፕላዝማ ላይ እ.ኤ.አ. በ2004 በግልጽ ለክቶታል። የስትሮንሽየም አዮን በሚታይ ብርሃን ሊታይ ስለሚችል ለእንዲህ ያለ ሥራ የተመቸ ነው።

ሁለተኛው አሞቂ ግን ዋናው ነው፤ ረዘም አድርጌ የምቆየውም እሱ ላይ ነው። ኤሌክትሮንና አዮን ተገናኝተው መልሰው አቶም እንዲሆኑ ትርፍ ጉልበታቸውን የሚረከባቸው ሦስተኛ አካል ያስፈልጋል። ሁለቱ ብቻቸውን ቢገናኙ ኤሌክትሮኑ እንደመጣው ፍጥነቱን ይዞ ዞሮ ይሄዳል። ሁለተኛ ኤሌክትሮን በአጠገብ ካለ ግን ነገሩ የቤት ሽያጭ ዓይነት ይሆናል፤ አዮኑና አንዱ ኤሌክትሮን ይዋዋላሉ፣ ሌላው ኤሌክትሮን እንደ ደላላ ኮሚሽኑን ተቀብሎ በፍጥነት ውልቅ ይላል። ይህ የሦስትዮሽ ውህደት ይባላል። የተፈጠረው አቶም ኤሌክትሮኑን በጣም ሩቅ ላይ፣ በላላ ሁኔታ የያዘ ትልቅ አቶም ነው፤ ሪድበርግ አቶም እንለዋለን። ደላላው የወሰደው ጉልበት ግን ለራሱ አይቀርም። ከሌሎች ነጻ ኤሌክትሮኖች ጋር ሲጋጭ ያካፍለዋል፤ መላው የኤሌክትሮን ጋዝ ይሞቃል።

ይህ ድርጊት በምን ያህል ፍጥነት ይካሄዳል? ቀመሩን ከመጻፍ ከየት እንደመጣ ማየት ይሻላል። አንድ ኤሌክትሮን ለአዮን «ቀረበ» የሚባለው የኩሎምብ ጉልበቱ ከሙቀት ጉልበቱ ጋር ሲተካከል ነው። ያ ርቀት በመጠነ ሙቀት የሚካፈል ነው፤ በቀዘቀዘ ቁጥር ይሰፋል። አሁን ሁለት ነገር መገጣጠም አለበት። አንደኛ፣ ኤሌክትሮን ወደዚያ ክልል መግባት አለበት፤ ይህ በእፍግታው፣ በፍጥነቱና በርቀቱ ካሬ ይባዛል። ሁለተኛ፣ በዚያው ሰዓት ሌላ ኤሌክትሮን በክልሉ ውስጥ መኖር አለበት፤ ይህ በእፍግታውና በርቀቱ ኩብ ይባዛል። ሲባዙ የእፍግታ ካሬ፣ ፍጥነትና የርቀቱ 5ኛ ርቢ ይሆናሉ። ፍጥነት የመጠነ ሙቀት ካሬ ሥር ነው፤ ርቀቱ 5 ጊዜ በመጠነ ሙቀት ያካፍላል። 5 ሲቀነስ ግማሽ፣ 4.5። ስለዚህ የውህደቱ ፍጥነት በመጠነ ሙቀት 4.5ኛ ርቢ ይካፈላል ማለት ነው። በፊዚክስ ውስጥ እንዲህ ቁልቁል የሚወርድ ርቢ ብዙ አይገጥመንም። መጠነ ሙቀቱ በግማሽ ቢቀንስ ውህደቱ 23 እጥፍ ይፈጥናል፤ በአሥር ቢቀንስ ከ31,000 እጥፍ በላይ።

በ1 ቢሊዮን እፍግታ ሳሰላው የሚከተለው ይወጣል። በ100 ኬልቪን እያንዳንዱ አዮን በሰከንድ 3.8 ጊዜ የመዋሃድ ዕድል አለው፤ ማለትም ሩብ ሰከንድ ያህል መጠበቅ አለበት። በ10 ኬልቪን በሰከንድ 120,000 ጊዜ፤ ጥበቃው 8 ማይክሮ ሰከንድ ሆነ። በ1 ኬልቪን በሰከንድ 3.8 ቢሊዮን ጊዜ፤ ጥበቃው ሩብ ናኖ ሰከንድ! የመጨረሻው ቁጥር እንደማይሆን ወዲያው ይታወቃል። በዚህ እፍግታ ኤሌክትሮኖቹ ለአካባቢያቸው ለውጥ ምላሽ ለመስጠት ግማሽ ናኖ ሰከንድ ይፈልጋሉና፣ ከዚያ ቀድሞ የሚዋሃድ ነገር አይኖርም። ቀመሩ ጋማ ትንሽ ነው ብሎ የተሠራ ስለሆነ 1 ኬልቪን ላይ ይሰበራል። አቅጣጫውን ግን ነግሮናል፤ ቅዝቃዜው ራሱ ሙቀትን ይጠራል።

ምን ያህል ያሞቃል? 100 ኤሌክትሮኖች አሉ እንበል፤ እያንዳንዱ በአማካይ 1.5 አሃድ ጉልበት አለው (አሃዱ ቦልትዝማን በመጠነ ሙቀት ሲባዛ ነው)። ድምሩ 150። ከነዚህ ውስጥ 10ሩ ተዋህደው በ4 አሃድ ጥልቀት ታሰሩ። ጉልበት አይጠፋምና 90ዎቹ ነጻ ኤሌክትሮኖች አሁን 190 ይካፈላሉ፤ ለእያንዳንዱ 2.1 ይደርሰዋል። መጠነ ሙቀቱ 40 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። የታሰሩት በተከታይ ግጭቶች እስከ 20 አሃድ ጥልቀት ቢወርዱ ደግሞ 90ዎቹ 350 ይካፈላሉ፤ መጠነ ሙቀቱ 2.6 እጥፍ ይሆናል። አንድ አሥረኛው ብቻ ተዋህዶ ነው ይህ ሁሉ።

አቀዝቃዡ፣ ፍንዳታው

ማቀዝቀዙን የሚሠራው በዋናነት የደመናው መስፋፋት ነው። ፕላዝማውን የያዘው ግድግዳ የለም። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ውጭ ለመውጣት ሲሮጡ አዮኖቹ ይስቧቸዋል፤ ጥቂቶቹ በመጀመሪያ አምልጠው ስለሄዱ ደመናው በትንሹ ፖዘቲቭ ነው፣ የቀሩት እንደ ጉድጓድ ውስጥ ታስረዋል። የሚያመልጡት ፈጣኖቹ ስለሆኑ እነሱም ጥቂት ሙቀት ይዘው ይሄዳሉ፤ እንፋሎቱ ሲወጣ ስኒ ላይ ያለው ቡና እንደሚቀዘቅዘው። ትልቁ ነገር ግን የቀሩት ላይ ነው። ኤሌክትሮኖቹ በጉድጓዱ ዳር እየተመቱ ሲመለሱ አዮኖቹን ወደ ውጭ ይገፋሉ። ወደ ኋላ በሚሸሽ ግድግዳ ላይ የተመታ ኳስ ፍጥነቱ ቀንሶ ነው የሚመለሰው። እዚህም እንደዚያው፤ በእያንዳንዱ ምልስ ኤሌክትሮኑ ትንሽ ያጣል፣ አዮኑ ትንሽ ያገኛል። በ100 ኬልቪን ኤሌክትሮን በሰከንድ 39 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ 200 ማይክሮ ሜትሩን ደመና በ5 ናኖ ሰከንድ ያቋርጠዋል፤ ደመናው በግልጽ እስኪሰፋ ድረስ 500 ጊዜ ያህል ተመላልሷል። በዚህ ምክንያት መስፋፋቱ አዲያባቲክ ነው ማለት ይቻላል። ጉልበቱ አልጠፋም፤ ከኤሌክትሮኖች ዝብርቅርቅ ሩጫ ወደ አዮኖች የተደራጀ የውጭ ጉዞ ተዛወረ እንጂ።

የአዮኖቹ የመስፋፊያ ፍጥነት የኤሌክትሮኖቹ ሙቀት ለአዮን መጠነ ቁስ ተካፍሎ ካሬ ሥሩ ሲወሰድ ነው። ለዜነን በ100 ኬልቪን በሰከንድ 80 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ደመናው የራሱን ስፋት ያህል ለመሄድ 2.5 ማይክሮ ሰከንድ ይፈልጋል። በ10 ማይክሮ ሰከንድ መጠነ ሙቀቱ ወደ 6 ኬልቪን፣ በ20 ማይክሮ ሰከንድ ወደ 1.5 ኬልቪን መውረድ አለበት፤ ሌላ አሞቂ ከሌለ። ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ነው። ደመናው ሁለት እጥፍ በሰፋ ቁጥር መጠነ ሙቀቱ አራት እጥፍ ስለሚወርድ፣ ጎረቤቶች ቢራራቁም ጋማ ሁለት እጥፍ ያድጋል። ዝም ብሎ በመጠበቅ ጋማን 1 ማድረስ የሚቻል ይመስላል።

ነገር ግን ያንኑ ስሌት ለሦስትዮሽ ውህደቱ ሥሩት። ስፋቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን እፍግታው 8 ጊዜ ይቀንሳል፤ ካሬው 64። መጠነ ሙቀቱ አራት እጥፍ ሲወርድ ግን ውህደቱ 512 እጥፍ ይፈጥናል። 512 ለ64 ሲካፈል 8። ጋዙ እየሳሳ ሳለ ውህደቱ እየፈጠነ ይሄዳል ማለት ነው! እኔን በዚህ ርዕስ ላይ ያስቀመጠኝ ይህ ነጥብ ነው። የተለመደው አስተሳሰባችን «ሲራራቁ ግጭት ይቀንሳል» ነው፤ እዚህ ግን መስፋፋቱ የሚያመጣው ቅዝቃዜ ከመሳሳቱ በልጦ አሞቂውን ይቀሰቅሰዋል።

አሁን ሁለቱን ሰዓቶች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። በ100 ኬልቪን መስፋፋት 2.5 ማይክሮ ሰከንድ፣ ውህደት ሩብ ሰከንድ፤ መስፋፋቱ ያለ ተቀናቃኝ ያሸንፋል። በ1 ኬልቪን መስፋፋት 25 ማይክሮ ሰከንድ፣ ውህደት ከናኖ ሰከንድ በታች፤ ውድድር የለም። በ10 ኬልቪን ደግሞ መስፋፋት 8 ማይክሮ ሰከንድ፣ ውህደትም 8 ማይክሮ ሰከንድ! መገናኛው እዚያ ነው። በዚህ እፍግታ ከ10 ኬልቪን በታች የጀመረ ኤሌክትሮን ሳይሰፋፋ በፊት ይሞቃል። ፍራንሲስ ሮቢሾና ጄምስ ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት የኮምፒውተር ስሌት በእንዲህ ዓይነት ፕላዝማ የኤሌክትሮኖች ጋማ ከ0.2 ገደማ ብዙ እንደማያልፍ አሳይቷል። 2.7ን ለ0.2 አካፍሉት፤ 13 ኬልቪን ይመጣል። ከወረቀት ስሌታችን ጋር ይህን ያህል መቀራረቡ አጋጣሚ አይመስለኝም፤ ፊዚክሱ አንድ ስለሆነ ነው።

ሙከራው ምን አለ?

ሙከራው ከስሌቱ ቀድሟል። እ.ኤ.አ. በ2000 የጌትስበርጉ ቡድን የፕላዝማውን መስፋፋት ሲለካ የሌዘሩ ትርፍ ከ70 ኬልቪን በላይ ሲሆን ሁሉም ነገር በቀላሉ ቀመር መሠረት ሄደ። ከዚያ በታች ግን ደመናው ከሚጠበቀው በላይ ፈጥኖ ሰፋ። ሌዘሩ ያልሰጠው ጉልበት ከየት መጣ? በ2001 መልሱ በከፊል ተገኘ፤ በሚስፋፋው ፕላዝማ ውስጥ ሪድበርግ አቶሞች ታዩ፣ አንዳንድ ጊዜ ከነጻ ሙሎቹ እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ተዋህደው ነበር። ከላይ አሥር በመቶ ተዋህዶ ምን እንዳመጣ አስልተናል፤ እጥፉ ምን እንደሚያመጣ ለእናንተ ልተወው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የሜሪላንድ ቡድን ይህንኑ ጠላት እንደ ቴርሞሜትር ተጠቀመበት። ውህደቱ በመጠነ ሙቀት ላይ ያን ያህል ከተመሠረተ፣ የተፈጠሩትን ሪድበርግ አቶሞች ቆጥሮ ወደ ኋላ መጠነ ሙቀቱን ማወቅ ይቻላል። ቆይቶ ከ1 ኬልቪን በታች እንደሚወርድ አገኙ። ይህ ከላይ ካልኩት ጋር የሚጋጭ ሊመስል ይችላል፤ አይጋጭም። በዚያ ሰዓት ደመናው በጣም ስለሳሳ 2.7 ያልናት ቁጥር ራሷ ወርዳለች። ቀዝቃዛ መሆንና ጥብቅ ትስስር ያለው መሆን አንድ አይደሉም፤ በወሬ ደረጃ ግን ሁለቱ ሲምታቱ ብዙ ጊዜ ይሰማል።

ሪድበርግ አቶሙን ከአሞቂነት ወደ አቀዝቃዥነት መቀየርስ አይቻልም? ይቻላል፤ ልክ አለው እንጂ። ኤሌክትሮኑን በጣም በላላ ሁኔታ የያዘ አቶም በግጭት መፍረስ ይቀናዋል፤ ሲፈርስ ጉልበት ከነጻዎቹ ኤሌክትሮኖች ይወስዳል፣ ያቀዘቅዛቸዋል። አጥብቆ የያዘው ደግሞ በግጭት ይበልጥ እየጠበቀ ይሄዳል፤ ያሞቃቸዋል። ድንበሩ የት ነው? እ.ኤ.አ. በ2018 በሜይን ግዛት ያለው የኮልቢ ኮሌጅ ቡድን ከሮቢሾ ጋር ሆኖ ፕላዝማ ውስጥ ሆን ብሎ ሪድበርግ አቶሞችን ጨምሮ ለካው፤ ድንበሩ የእስራቱ ጉልበት የኤሌክትሮኖቹ መነሻ የሙቀት ጉልበት 2.7 እጥፍ ሲሆን ነው። (ይህ 2.7 ከላይ ካለችው 2.7 ጋር ዝምድና የለውም።) ኤሌክትሮኖቹ 50 ኬልቪን ቢሆኑ ድንበሩ 135 ኬልቪን ነው። የሃይድሮጅንን 158,000 ኬልቪን ለ135 አካፍላችሁ ካሬ ሥሩን ስትወስዱ 34 ይመጣል። እንግዲህ በግምት ዋና ኳንተም ቁጥሩ ከ34 በላይ የሆነ አቶም ያቀዘቅዛል፣ በታች የሆነ ያሞቃል። ኮልቢ የቅድመ ምረቃ ተማሪዎች ብቻ ያሉበት ትንሽ ኮሌጅ መሆኑን ደግሞ በዚህ ቡለቲን ላይ ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም።

አዮኖቹን በተመለከተ ጉዳዩ ቀንቷል። የራይስ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2019 በፕላዝማው ውስጥ ያሉትን የስትሮንሽየም አዮኖች በሌዘር አቀዝቅዞ ወደ 0.05 ኬልቪን አወረዳቸው፤ የአዮኖቹ ጋማ 11 ደረሰ። ለኤሌክትሮኖቹ ይህ መንገድ ዝግ ነው። በሌዘር ማቀዝቀዝ የሚሠራው አዮኑ ብርሃን የሚውጥበትና መልሶ የሚለቅበት ውስጣዊ ደረጃ ስላለው ነው፤ ኤሌክትሮን እንዲህ ያለ ደረጃ የለውም። እሱን የሚያቀዘቅዘው ወይ መስፋፋቱ ነው፣ ወይ ማምለጡ፣ ወይ ላላ ያለ አቶም መፍረሱ።

በሃምቡርግ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሥራ መስፋፋቱን እስከ ጥግ የወሰደው ነው። እጅግ የቀዘቀዘ የሩቢዲየም ደመናን በፌምቶ ሰከንድ ሌዘር መትተው ከላይ ከተጠቀምንበት 100,000 እጥፍ የሚያፍግ ጥቃቅን ፕላዝማ ሠሩ። ኤሌክትሮኖቹ ሲጀምሩ 5,250 ኬልቪን ነበሩ፤ ከ500 ናኖ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ከ10 ኬልቪን በታች ወረዱ። ሙቅ አድርጎ መጀመሩ መጀመሪያ ሲታይ ወደ ኋላ መሄድ ይመስላል። ነገር ግን በ5,250 ኬልቪን የሦስትዮሽ ውህደቱን አስሉት፤ እፍግታውን 100,000 እጥፍ፣ ማለትም ካሬውን 10 ቢሊዮን እጥፍ አድርጋችሁ። በሰከንድ 700 ገደማ ታገኛላችሁ፤ ጥበቃው ከ1 ሚሊ ሰከንድ በላይ ነው። በዚያው እፍግታ በ100 ኬልቪን ቢጀምሩ ኖሮስ? በሰከንድ 38 ቢሊዮን።